ሴቭ ሆኗል ወይ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ያለ ውሃ ሊያድር ይችላል፣ ያለ መብራት ሊያድር ይችላል፣ ያለ ጥበቃም ሊያድር ይችላል። ያለ አንድ ተጠንቃቂ ሽማግሌ ግን አድሮ አያውቅም። ይህ ሰው በየብሎኩ አለ። በሩን ቆልፎ ከወረደ በኋላ መቆለፉን ሊያረጋግጥ ደረጃውን መልሶ የሚወጣው እሱ ነው። መታወቂያውን ኮፒ አስደርጎ፣ «ኮፒው ቢጠፋስ?» ብሎ ኮፒውን ኮፒ የሚያስደርገው እሱ ነው። ታክሲ ውስጥ ከመውረጃው አንድ ፌርማታ ቀድሞ «ወራጅ ሊኖር ነው!» ብሎ ረዳቱን የሚያስጠነቅቀውም እሱው ነው። እኛ ብሎክ ውስጥ የለም የምትሉ ከሆነ፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

እፀገነት የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ በከፈተችበት የጀሞ ብሎክ፣ ይህን ከባድ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ቸኮል ነበሩ። ይህን ስም ያወጣላቸው ሰው ምን አይቶ እንደሆነ አይታወቅም፤ በችኮላ ያደረጉት ነገር እስካሁን አልተገኘም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ነው። ጡረታ ሲወጡ የሚጠብቁት ንብረት ስላጡ የሰፈሩን ሁሉ ንብረት ይጠብቁ ጀመር።

እምነታቸው አጭር ናት። «ሦስት ቦታ ካልተቀመጠ አልተቀመጠም» ይላሉ። ውሃ በመጣ ቀን አንዱን ጀሪካን ቤታቸው፣ አንዱን ደረጃው ሥር፣ አንዱን ደግሞ ጎረቤት ያስቀምጣሉ። ሻማው የተቀመጠው የእጅ ባትሪው እንቢ ካለ ተብሎ ነው፤ ክብሪቱ ለሻማው፣ ላይተሩ ደግሞ ክብሪቱ ከረጠበ። ሐዋሳ ላለችው ልጃቸው ለሲና መልእክት ሲልኩ በቴሌግራም ይጽፋሉ፣ ያንኑ በቴክስት ይደግሙታል፣ ከዚያ ደውለው «ሁለቱም ደርሶሻል?» ይላሉ። አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ዝቅ ብሎ፣ በጥቁር ክር የታሰረ ፍላሽ ተንጠልጥሏል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኦብሴ መናደዱን ትተው መሳቅ ከጀመሩ ቆይተዋል።

«ሃይማኖቱ ባይከለክለው እኮ» ይላሉ፣ «እኔንም ኮፒ አስደርጎ ሌላ ቤት ያስቀምጠኝ ነበር።»

የእፀገነት ችግር፣ ጋሽ ቸኮል የሚውሉት እሷ ሱቅ መሆኑ ነበር። ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር የሳቸው ናት፤ ሌላ ሰው የተቀመጠባት እንደሆነ በትሕትና ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሰውዬው እስኪያፍርና እስኪነሣ። እፀገነት ደግሞ በተፈጥሮዋ የሳቸው ተቃራኒ ናት። የሳቸው ቃል «ምናልባት» ከሆነ የሷ ቃል «የት ይሄዳል» ነው። ቁልፉን የት አደረግሽው ሲሏት የት ይሄዳል፣ የደንበኛው ፋይልስ ሲሏት የት ይሄዳል። የሚገርመው፣ አብዛኛውን ጊዜ የትም አይሄድም ነበር።

ድሮ ሰው ማመልከቻውን በእጁ ጽፎ ያመጣላት ነበር። አሁን አሁን ደንበኛው ስልኳን ወደ አፉ አስጠግቶ ይናገራል፤ ስልኩ ድምፁን እየቀዳ ይጽፋል፣ እሷ ታርማለች። ይህ ዘዴ ከመጣ ወዲህ የጋሽ ቸኮል ሰላም ደፈረሰ። ወረቀት ይጨበጣል፣ ይታጠፋል፣ መሳቢያ ይገባል። ድምፅስ? «አየር እኮ ነው እፀዬ! አየር ላይ እየጻፍሽ ነው!» ይሏታል። ስለዚህም ደንበኛው ንግግሩን ጨርሶ ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ ከወንበሯ በኩል ያቺ ጥያቄ ትመጣለች።

«ሴቭ ሆኗል ወይ?»

በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚሉት ለመቁጠር የሞከረ የለም። ለደንበኛ ይሉታል፣ ለሻይ አቅራቢዋ ይሉታል። አንድ ጊዜ ራጅ ተነሥተው ለባለሙያው ብለውት፣ ሰውዬው ግራ ገብቶት ሁለተኛ አንሥቷቸዋል ይባላል። ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስባቸው የእፀገነት ስልክ ነበር። ባትሪው አርጅቶ ከቻርጀሩ የተነቀለ ዕለት ወዲያው ጸጥ ይላል።

«ይሄ ስልክ ነፍሱ ያለችው ግድግዳው ላይ ነው» ይሏታል ሶኬቱን እያሳዩ።

«የት ይሄዳል ጋሽ ቸኮል።»

እንዲህ እየተባባሉ በሰላም ይኖሩ ነበር፤ የአባባ ጀማሉዲን ምርቃት እስኪመጣ ድረስ።

አባባ ጀማሉዲን እዚያው ብሎክ የሚኖሩ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከጎፋ እስከ ለቡ የሚያውቃቸው ሰው ግን በጨርቃቸው ሳይሆን በምርቃታቸው ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን ሲድር እሳቸውን ሳያስጠራ አይቀርም። ድምፃቸው ወፍራምና የተረጋጋ ነው፤ ማይክ ሲሰጧቸው ያመሰግኑና ለሌላ ሰው ያቀብሉታል። እንግዲህ እኚህ ሰው አንገታቸው ላይ እንቅርት ወጣባቸውና ሐኪም ቀዶ ሕክምና አዘዘላቸው። ሥራው ከባድ አይደለም ተባሉ፤ ድምፅዎ ግን ሊቀጥን ይችላል፣ ይመለስ አይመለስ ከወዲሁ መናገር አይቻልም። ቀጠሮው ደግሞ ከልጃቸው ከሙፊዳ ሠርግ ይቀድማል፤ ሐኪሙ ይቆይ ቢሉት አልሰማም።

አባባ ጀማሉዲን ቢላዋውን አልፈሩም። የፈሩት ሌላ ነው። «የሰውን ልጅ ሁሉ መርቄ፣ የራሴን ልጅ በዝምታ ልሸኛት ነው?» አሉ።

መላውን ያመጣችው ሙፊዳ ናት። ሆስፒታል ሊገቡ በዋዜማው አባቷን ይዛ እፀገነት ሱቅ መጣች። ምርቃታቸው አሁን ይቀዳ፤ ድምፁ ለሠርጉ ቀን ይሰማል፣ ቃሉ ደግሞ በትልቁ ታትሞ የሙሽሮቹ ሳሎን ይሰቀላል። እፀገነት ደስ አላት። ኮፒ የሚጠብቁትን «ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ» ብላ ሸኘቻቸው፣ ስልኳን ከነቻርጀሩ ጠረጴዛው ላይ አመቻቸችው። ጋሽ ቸኮል ያቺን ወንበር ለወዳጃቸው ለቀቁ፤ ይህ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ቀጥለው ግን እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱና የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ወደ አባባ ጀማሉዲን አገጭ አስጠጉት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እፀገነት።

«እኔም ልቅዳ ብዬ ነዋ። ምናልባት።»

«ምናልባት ምን?»

«ምናልባት ስሟ አይታወቅም እፀዬ። ስትመጣ ነው የምትታወቀው።»

«በፈጠረዎት ጋሽ ቸኮል! ለምርቃት እጅ ይዘረጋል እንጂ ስልክ ይዘረጋል እንዴ?»

ሙፊዳም ዞር ብላ አየቻቸው። ጋሽ ቸኮል ፊታቸው ተለዋወጠ። ስልኩን ሸሚዛቸው ደረት ኪስ ውስጥ ከተቱና እንደ ሰዉ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ።

አባባ ጀማሉዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«የገባችሁበት ቤት ይስፋላችሁ።»

«አሜን።»

«ደጃችሁ እንግዳ አይጣ፤ እንግዳችሁ ማዕድ አይጣ።»

«አሜን።»

«ስትጣሉ ቃል ይጥፋባችሁ፤ ስትታረቁ ቃል ይትረፍረፍላችሁ።»

«አሜን!»

ሙፊዳ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። እፀገነትም ዓይኗን ጨፍና መዳፎቿን ከፍ አደረገች። በዚህ መካከል ጣሪያው ላይ ያለው ፋን ዝግ እያለ፣ ዝግ እያለ ቆመ። መብራት ገና ከሁለተኛው አሜን በፊት ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን ቀን ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ፀሐዩ ወለሉ ላይ ነው፤ ማንም ልብ አላለም። ልብ ቢልስ ምን ሊያደርግ? የተዘረጋ እጅ ምርቃቱ ሳያልቅ አይታጠፍም፤ በአባት ምርቃት መሃል ስልክ የሚነካ ሰው ደግሞ ከዚያ ብሎክ ቢለቅ ይሻለዋል። ጠረጴዛው ላይ የእፀገነት ስልክ ጸጥ ብሏል፣ አባባ ጀማሉዲን ይመርቃሉ፣ ሰዉ አሜን ይላል።

ምርቃቱ ሲያልቅ አባትና ልጅ ተቃቀፉ። እፀገነትም እየተላቀሰች አቀፈቻቸው። እንባዋን ሳትጠርግ ከጀርባዋ ያው ድምፅ መጣ።

«እፀዬ፣ ሴቭ ሆኗል ወይ?»

«ሆኗል!» አለች፤ ስልኩን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ።

«ፋኑ እኮ ቆሟል፣ ምናልባት…»

«ሆኗል አልኩዎት እኮ! እርስዎ በቃ ሰው ማመን አይችሉም?»

ጋሽ ቸኮል ጃንጥላቸውን ካስቀመጡበት አነሡ፣ አባባ ጀማሉዲንን ግንባራቸውን ስመው «እግዜር ይማርህ ወዳጄ» አሉና ወጡ። እፀገነት ጥቁሩን ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው። የት ይሄዳል።

በማግስቱ ወንበሯ ባዶዋን ዋለች። እፀገነት መጀመሪያ ቀለል አላት፤ ከዚያ ሱቁ ሰፋባት። ስልኳን ቻርጅ አድርጋ ምርቃቱን ልታርም ከፈተችው። «የገባችሁበት ቤት ይስፋላችሁ ደጃችሁ እንግዳ» ይላል። ከዚያ በኋላ የለም። ድምፁንም ፈለገች፤ እሱም የለም። ያ መተግበሪያ ድምፁን የሚያስቀምጠው ሲጨርሱ ምልክቱን ከነኩት ነው፤ ስልኩ በመሃል ከጠፋ ለሱ እንዳልተነገረ ይቆጥረዋል።

ስልኩን ይዛ ጎፋ ሮጠች። ስልክ ጠጋኙ ጆኒ የማይመልሰው ነገር የለም ይባላል፤ ሚስቱ ጥላው ሄዳ እንኳ መልሷታል። ገልበጥ አደረገው፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዘው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ የጠፋ ቢሆን ፈልጌ አመጣልሽ ነበር» አላት። «ይሄ ግን ከመጀመሪያውም አልተቀመጠም።»

ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ወደ ጀሞ ስትመለስ ሙፊዳ ደወለች። አባቷ ከቀዶ ሕክምናው ወጥተዋል፣ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ድምፃቸው ግን ለጆሮ እንኳ አይሰማም፤ ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል ብሏል። «እፀዬ፣ ያቺን ምርቃት ላኪልኝ እስቲ። አልጋው አጠገብ ሆኜ ልስማት።»

«ኔትወርኩ እንቢ ብሎኝ ነው የኔ ቆንጆ» አለች እፀገነት። ኔትወርኩ እንደዚያን ቀን ጥሩ ሆኖ አያውቅም።

ከታክሲው ወርዳ ሱቋን አልፋ ቀጥ ብላ ደረጃውን ወጣች። የጋሽ ቸኮልን በር ስታንኳኳ ሁለት መቀርቀሪያና አንድ ሰንሰለት ተከፈተ። የከፈቱት ወይዘሮ ኦብሴ ናቸው።

«እሰይ መጣሽ! ውሰጂልኝ ይሄን ሰውዬ» አሏት ሳይሳለሙ። «ዛሬ ሱቅ ቢቀር ከጠዋት ጀምሮ ማንኪያ ሲቆጥር ነው የዋለው። ጨው ሳይቀር ሦስት ቦታ አስቀመጠብኝ፤ ለወጥ የምጨምረው ፍለጋ ስዞር ነው የዋልኩት።»

ጋሽ ቸኮል ሳሎን ተቀምጠዋል። እፀገነትን ሲያዩ ተነሡ፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ቸኮል፣ ሴቭ አልሆነም» አለች። «ሳላይ ነው ሆኗል ያልኩዎት። ምርቃቱ የለም። አባባ ጀማሉዲን ድምፃቸው ሄዷል። ለሙፊዳ ምን ልበላት?»

አሁን እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ሰዓት ደረሰ። አላልኩሽም ወይ የሚባለው አሁን ነው። እፀገነት ስድቡን ልትቀበል አንገቷን ደፋች። ጋሽ ቸኮል ግን እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

«እኔም የምነግርሽ ነገር አለኝ» አሉ። «ነውር ሠርቻለሁ።»

«ምን ሠሩ?»

«ኪሴ ስከተው ሳላጠፋው ነው። እጄን ለምርቃት ዘርግቼ፣ ደረቴ ላይ እየቀዳሁ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንደ ሌባ እኮ ነው። ሱቅሽ የቀረሁት አኩርፌ መስሎሻል። አፍሬ ነው።»

ፍላሹን ከአንገታቸው አውልቀው ያረጀ ላፕቶፓቸው ላይ ሰኩት። በመጀመሪያ የተሰማው የጨርቅ መፋተግ ነው። ከዚያ ድው፣ ድው የሚል ነገር፤ የጋሽ ቸኮል ልብ ነበር። ከዚያ ከሥሩ ያ ወፍራም፣ የተረጋጋ ድምፅ ወጣ። የገባችሁበት ቤት ይስፋላችሁ። ጎላ ብሎ፣ ጆሮ ሊበጥስ፣ የጋሽ ቸኮል «አሜን»። ምርቃቱ እስከ መጨረሻው አለ፤ አንዲት ቃል አልጎደለችም። እፀገነት ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች፣ ሳቀችም።

«ሌላስ ቦታ አስቀምጠውታል?» አለች፣ መልሱን እያወቀችው።

«አንዱ ይሄው ከስልኬ ያዛወርኩበት ፍላሽ ነው። አንዱን ሲና ጋ ልኬዋለሁ፣ ሐዋሳ።»

«ሦስተኛውስ?»

ጋሽ ቸኮል ጥያቄው ገረማቸው። «አንቺ ጋ ነዋ! ሆኗል አላልሽኝም?»

ሰው ማመን አይችሉም ብላ በሰው ፊት ያዋረደቻቸው ሰውዬ፣ ቃሏን ብቻ ይዘው ከሦስቱ አንዷ አድርገው ቆጥረዋት ነበር። እፀገነት አፈረች። በዚያው ልክ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ደስ አላት።

ድምፁን ስልኳ ላይ ልከውላት ሊሸኟት በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ቸኮል ክንዷን ያዝ አደረጉ። «መጨረሻ ላይ ያለችውን ያቺን የኔን ጥያቄ ቁረጫት። በሠርግ ሰው ይስቅብኛል።» እፀገነት እሺ አለች። ያን ዕለት ከሱቋ ሳትወጣ ድምፁን አጽድታ፣ ለሙፊዳ ላከችና፣ «ኔትወርኩ መጣ» ብላ ጻፈችላት።

የሙፊዳ ሠርግ በብሎኮቹ መካከል በተጣለ ድንኳን ተደገሰ። የድምፁ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ ለክቡር ጋሽ ቸኮል ተሰጥቷል። ስለዚህ ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተር ቆሟል፤ ከጄኔሬተሩ አጠገብ በባትሪ የሚሠራ ስፒከር አለ፤ ስፒከሩ እንቢ ካለ ደግሞ ከቀበሌ የመጣ አንድ ድምፅ ማጉያ ወይዘሮ ኦብሴ ወንበር ሥር ተቀምጧል። አባባ ጀማሉዲን ከልጃቸው ጎን ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጤናቸው ተመልሷል፣ ምግብ ይበላሉ፣ ይስቃሉ፤ ድምፃቸው ግን በሹክሹክታ ቀርቷል። እንግዳውን የሚቀበሉት እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ ነው።

ሙሽሪት ልትወጣ ስትል ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጋሽ ቸኮል የተቀዳውን ምርቃት ከፈቱት።

ያ ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። ሰዉ ሁሉ፣ ከጎፋ የመጣውም ከለቡ የመጣውም፣ ሳይነገረው መዳፉን ዘረጋ። ከሥሩ ድው ድው የሚለውን ሰዉ ከበሮ መስሎት ነበር። «የምትናገሩት ይሰማላችሁ፤ የማትናገሩት ይታወቅላችሁ» ሲል፣ አባባ ጀማሉዲን ራሳቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ምርቃታቸውን እየተቀበሉ ነበር፤ ሙፊዳ ትከሻቸው ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች። ከስፒከሩ ውስጥ አንድ ጋሽ ቸኮል፣ ከስፒከሩ አጠገብ ሌላ ጋሽ ቸኮል እኩል አሜን ይላሉ። ወይዘሮ ኦብሴ ወደ እፀገነት ጠጋ ብለው «ይኸው፣ ራሱን ኮፒ አደረገ» አሏት።

ምርቃቱ አለቀ። ሰዉ እጁን ሊያጥፍ ሲል ከስፒከሩ አንድ የቀረ ነገር ወጣ።

«እፀዬ፣ ሴቭ ሆኗል ወይ?»

እፀገነት እንደ ቃሏ ቆርጣ ነበር። የቆረጠችው ግን የራሷን መልስ ነው፤ ውሸት ስለነበረ። ጥያቄያቸውን መቁረጥ አልሆነላትም። ጋሽ ቸኮል አፍረው መሬት መሬት ያያሉ፤ ጥያቄዋ መልስ አጥታ ድንኳኑ ውስጥ ቆማለች። ያኔ ከሙሽሪት ጎን አንድ የቀጠነ፣ የሻከረ፣ በጭንቅ የሚሰማ ድምፅ ወጣ።

«አሜን» አሉ አባባ ጀማሉዲን።

«አሜን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ፤ ሳቁና ለቅሶው ተደበላለቀ።

ጋሽ ቸኮል ቀና ብለው በሰዉ መካከል እፀገነትን ፈለጓት። እሷም ከማዶ ሆና ሦስት ጣቶቿን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ጋሽ ቸኮል ጣቶቿን ቆጠሩ። ከዚያ ለማረጋገጥ ያህል ደግመው ቆጠሩ።